ሲ18 ኮለም አለን፤ ሞባይል ፌዙን እንዴት እንምረጥ?

ኤችፒኤልሲ (ድብልቅን ኮለም በሚባል ቱቦ ውስጥ እያሳለፈ ለያይቶ የሚለካ ማሽን) ላይ አዲስ ሥራ የሚጀምር ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛውን ኮለም ልጠቀም?» ብሎ ነው። ጎንደር ላይ ሆኖ ለሚጠይቅ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል፤ ያለው ሲ18 ነው። ሌላ ዓይነት ለማስመጣት ፕሮፎርማ ተሰብስቦ፣ ምንዛሬ ተፈቅዶ፣ ዕቃው አዲስ አበባ ገብቶ እስኪላክ ድረስ የተማሪው መመረቂያ ያልፋል። ሞባይል ፌዙን ግን ዛሬ ከሰዓት በኋላ አንድ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ መቀየር ይቻላል። «ኮለሙ አልሠራም» የተባለበትን ሥራ ጠጋ ብሎ ላየውም፣ አብዛኛው ጥፋት ያለው ጠርሙሱ ውስጥ ነው፤ ይበልጡን ደግሞ ፒኤቹ ላይ።

ስቴሽነሪ ፌዝ የምንለው ኮለሙ ውስጥ ታሽጎ የሚቀመጠውን ነው። ሲ18 ሲባል በደቃቅ የሲሊካ እንክብሎች ላይ 18 ካርቦን ያለው ሰንሰለት ተለጥፎ፣ ላዩ ዘይት የመሰለ ጠባይ ይዟል ማለት ነው። ሞባይል ፌዝ ደግሞ ፓምፑ እየገፋ በዚያ መሃል የሚያሳልፈው ፈሳሽ ነው። ዘይት የሚወድ ሞለኪዩል ሽፋኑ ላይ ይጣበቅና ይዘገያል፤ ውሃ የሚወደው ከፈሳሹ ጋር ቶሎ ይወጣል። ፈሳሹ ውስጥ ውሃ ስንጨምር ሁሉም ይዘገያል፤ ሜታኖል ስንጨምር ሁሉም ይፈጥናል። ይህ አሠራር ሪቨርስ ፌዝ ይባላል፤ መሠረቱ ይኸው ነው።

ኮለም ከመንካታችሁ በፊት ሞለኪዩሉን እወቁት። ውሃ ይወዳል ወይስ ዘይት? አሲድ ነው፣ ቤዝ ነው ወይስ ሁለቱንም አይደለም? ፒኬኤው፣ ማለትም ግማሹ ቻርጅ የሚይዝበት ፒኤች፣ ስንት ነው? ብርሃን የሚውጠውስ ስንት ናኖሜትር ላይ ነው? እነዚህ ሲመለሱ ከምርጫው ግማሽ ያህሉ ያለቀ ነው።

በቀላሉ እንጀምር። ከመተማ በመጣ ሰሊጥ ውስጥ ሰሳሚን የሚባለውን የሰሊጥ ውሁድ መለካት ፈለግን እንበል። ሰሳሚን አሲድም ቤዝም አይደለም፤ ፒኤች ወዲያና ወዲህ አይወስደውም። ስለዚህ ባፈር (ፒኤችን አንድ ቦታ ላይ የሚይዝ፣ በጨው የሚሠራ ፈሳሽ) አያስፈልገውም፤ ለማይጠቅም ነገር ፓምፑንና ኮለሙን ጨው ማብላት ደግሞ ዕድሜያቸውን ማሳጠር ነው። ሜታኖልና ውሃ ብቻ፣ ከ70 እስከ 80 በመቶ ሜታኖል፣ ዲቴክተሩ (ከኮለሙ የሚወጣውን በብርሃን የሚያየው ክፍል) 290 ናኖሜትር ላይ ይሁን። መጀመሪያ ሰሳሚን ይወጣል፤ ዘመዱ ሰሳሞሊን ይከተላል። ጥንቃቄ የሚፈልገው ዘይቱ ነው። የሰሊጥ ዘይት ሜታኖል ውስጥ በሙሉ አይሟሟም፤ ዘይቱን ከሜታኖል ጋር በደንብ አናውጦ፣ በሴንትሪፊውጅ ለይቶ፣ የላይኛውን ሜታኖል በ0.45 ማይክሮን ፊልተር አሳልፎ መስጠት ነው። ሾልኮ የገባው ቅባት በዚህ ሞባይል ፌዝ ስለማይወጣ ኮለሙ ውስጥ ይከማቻል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ቤዝላይኑ (ምንም ሳይወጣ የሚታየው መስመር) መዋዠቅ፣ ፕሬሸሩም ቀስ እያለ መውጣት ይጀምራል። የቀኑ ሥራ ሲያልቅ በአይሶፕሮፓኖል ማጠብ ይህን ያስቀራል፤ አይሶፕሮፓኖል ወፍራም ፈሳሽ ስለሆነ ፍጥነቱን ወደ 0.3 ሚሊ ሊትር በደቂቃ ዝቅ አድርጉ።

የሜታኖሉን መጠን በግምት መፈለግ አያስፈልግም፤ ስሌት አለው። ርዝመቱ 150፣ የውስጥ ስፋቱ 4.6 ሚሊ ሜትር የሆነ ኮለም ውስጥ ፈሳሽ የሚይዘው ክፍት ቦታ ወደ 1.5 ሚሊ ሊትር ነው። በደቂቃ 1 ሚሊ ሊትር ስናሳልፍ ምንም የማይያዝ ነገር በ1.5 ደቂቃ ይወጣል ማለት ነው። ይህን ባዶ ጊዜ እንበለው፤ ዩራሲል ካለ በእሱ፣ ከሌለ ማሽኑ በሚሥለው ክሮማቶግራም ላይ በመጀመሪያ በሚታየው የቤዝላይን መነቃነቅ ይታወቃል። የፒኩ (አንድ ነገር ሲወጣ ክሮማቶግራሙ ላይ የሚታየው ጉብታ) ጊዜ ሲቀነስ ባዶ ጊዜ፣ ለባዶ ጊዜ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ኬ ይባላል። ኬ ከ2 እስከ 10 ቢሆን እንወዳለን፤ በዚህ ኮለም ላይ ከ4.5 እስከ 16.5 ደቂቃ መሆኑ ነው። ከ2 በታች ከሆነ ከሳምፕሉ ቆሻሻ ጋር ይደባለቃል፤ ከ10 በላይ ከሆነ ፒኩ ይሰፋል፣ ሜታኖልም ይባክናል።

ታዲያ በ90 በመቶ ሜታኖል ጀምሩና በ10 በ10 ቀንሱ። ከላይ መጀመር ያለብን ምክንያት አለው፤ ከታች ከተጀመረ ፒኩ ኮለሙ ውስጥ ተቀርቅሮ ይቀርና «አልወጣም» እየተባለ ሌላ ሳምፕል ይሰጣል፤ ከዚያ የመጀመሪያው በሦስተኛው ሩጫ መሃል ብቅ ይላል። ሜታኖል 10 በመቶ በቀነሰ ቁጥር ኬ ከ2 እስከ 3 እጥፍ ያድጋል። ለምሳሌ በ70 በመቶ ፒኩ በ3 ደቂቃ ከወጣ ኬው 1 ነው። በ60 በመቶ ኬው ወደ 3 ይጠጋል፤ ፒኩ 6 ደቂቃ አካባቢ ይጠበቃል። በ50 በመቶ ወደ 9 ከፍ ይላል፤ 15 ደቂቃ። ሁለት ሙከራ ከተሠራ ሦስተኛውን ወረቀት ላይ ማግኘት ይቻላል።

ሜታኖል ወይስ አሲቶናይትራይል? እኔ ሁልጊዜ በሜታኖል እጀምራለሁ። ዋጋው ይቀላል፣ በቀላሉ ይገኛል፣ ጨውንም ይበልጥ ይታገሣል። አሲቶናይትራይል ከሌላ ኬሚካል ምርት ጎን የሚገኝ ተረፈ ምርት ነው፤ አክሪሎናይትራይል የሚያመርቱ ፋብሪካዎች ሥራ ሲቀንሱ እሱም ይጠፋል። በ2008 እና 2009 እ.ኤ.አ. በዓለም ዙሪያ ላቦራቶሪዎች የተቸገሩት በዚህ ነበር። ወደ አሲቶናይትራይል የምሄደው በሦስት ምክንያት ብቻ ነው። አንደኛ፣ ሞለኪዩሉ የሚታየው ከ215 ናኖሜትር በታች ከሆነ፤ ሜታኖል ራሱ ከ205 በታች ብርሃን ይውጣል፣ አሲቶናይትራይል ግን እስከ 190 ድረስ ጥሩ ነው። ሁለተኛ፣ ፕሬሸር ከበዛ፤ ሜታኖልና ውሃ እኩል በእኩል ሲደባለቁ ከሁለቱም ይልቅ ይወፍራሉ፣ ፓምፑም ይጨነቃል። ሦስተኛ፣ ሁለት ፒኮች በሜታኖል አልለያይ ካሉ፤ አሲቶናይትራይል ሞለኪዩሎቹን የሚይዝበት ጠባይ ስለሚለይ አንዳንዴ ቅደም ተከተላቸውን ሳይቀር ይለውጣል። ለመቀየር 50 በመቶ ሜታኖልን በ40 በመቶ አሲቶናይትራይል መተካት ጥሩ መነሻ ነው።

ውሃውንና ሜታኖሉን (ወይም አሲቶናይትራይሉን) ስትደባልቁ ሁለቱንም ለየብቻ በሲሊንደር ለክታችሁ ጨምሩ። 500 ሚሊ ሊትር ውሃና 500 ሚሊ ሊትር ሜታኖል 1 ሊትር አይሞሉም፤ ወደ 35 ሚሊ ሊትር ይጎድላል። የጎደለውን በሜታኖል «እስከ መስመሩ» የሞላ ሰው ሌላ ሞባይል ፌዝ ሠርቷል፤ ፒኩ ለምን እንደ ትናንቱ እንዳልወጣ ሲፈልግ ይውላል። ሜታኖልና ውሃ ሲቀላቀሉ ይሞቃሉ፣ አሲቶናይትራይልና ውሃ ደግሞ ይቀዘቅዛሉ። የቀዘቀዘው ድብልቅ ፓምፑ ላይ ሲሞቅ አየር ይለቃል፤ ስለዚህ ወደ ክፍሉ ሙቀት እስኪመለስ ጠብቁ፣ ከዚያ ሶኒኬተር (ፈሳሽን በድምፅ ሞገድ እያናወጠ አየሩን የሚያስለቅቅ ዕቃ) ላይ 15 ደቂቃ አስቀምጡት።

አሁን ወደ ፒኤች እንምጣ፤ ይህ ክፍል ከሌላው ሁሉ በላይ ትኩረት ይፈልጋል።

የሕመም ማስታገሻውን ዳይክሎፌናክን ለምሳሌ እንውሰድ። ፒኬኤው 4 አካባቢ የሆነ አሲድ ነው። ሞባይል ፌዙ ፒኤች 4 ቢሆን ከሞለኪዩሎቹ ግማሹ ሙሉ (ቻርጅ የሌለው)፣ ግማሹ ቻርጅ የያዘ ይሆናል። ሙሉው ዘይት ወዳድ ነው፣ ይዘገያል፤ ቻርጅ የያዘው ውሃ ወዳድ ነው፣ ይሮጣል። ፒኩ የሁለቱ አማካይ ላይ ይቆማል። ፒኤቹ በ0.1 ብቻ ቢንሸራተት አማካዩ ይንቀሳቀሳል፤ ሰኞ የተሠራው ባፈርና ሐሙስ የተሠራው አይስማሙም። መፍትሔው ከፒኬኤው ቢያንስ በ1.5 መራቅ ነው። አሲድ ከሆነ ወደ ታች ራቁ፤ ለዳይክሎፌናክ ፒኤች 2.5 ጥሩ ነው። እዚያ ላይ ሁሉም ሞለኪዩል አንድ ዓይነት ይሆናል፣ ትንሽ ስህተትም አያናውጠውም። በዚህ ፒኤች በደንብ ስለሚያዝ ሜታኖሉ 70 በመቶ አካባቢ ይፈልጋል።

ባፈር ሲመረጥ ደግሞ የባፈሩም ፒኬኤ ይታያል። ባፈር የሚይዘው ከራሱ ፒኬኤ በ1 ከፍና ዝቅ ባለ ክልል ብቻ ነው። ፎስፌት ፒኬኤዎቹ 2.1 እና 7.2 ናቸው፤ ከ3.1 እስከ 6.2 ባለው መሃል ባዶ ነው ማለት ይቻላል። «ፎስፌት ባፈር፣ ፒኤች 4.5» የሚል አሠራር ብዙ ቦታ ተጽፎ ታገኛላችሁ፤ እሱ ሜትሩ ላይ 4.5 ያሳየ የጨው ውሃ ነው፣ ሳምፕሉ ትንሽ አሲድ ይዞ ሲገባ ይሸነፋል። እዚያ ክልል ላይ አሲቴት ይሻላል፤ ፒኬኤው 4.76 ነው። ፎርሜት 3.75 አካባቢ ይሠራል። አሲቴትና ፎርሜት ግን ከ210 ናኖሜትር በታች ብርሃን ስለሚውጡ ዝቅ ያለ ዌቭሌንግዝ ላይ ለሚሠራ አይሆኑም።

25 ሚሊሞላር ፎስፌት፣ ፒኤች 2.5 ሲሠራ እንዲህ ነው። 3.40 ግራም ፖታሺየም ዳይሃይድሮጅን ፎስፌት መዝኑ፤ 950 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ አሟሙ። ፒኤች ሜትሩን በ4 እና በ7፣ ካለ ደግሞ በ2 ስታንዳርድ አስተካክሉ። ፎስፈሪክ አሲዱን በ10 እጥፍ አቅጥናችሁ በጠብታ ጨምሩ፤ መጨረሻ ላይ ጠብታውን ጥላችሁ ቁጥሩ እስኪረጋ ጠብቁ። ከ2.5 በታች ካለፈ በፖታሺየም ሃይድሮክሳይድ አትመልሱት፤ ፒኤቹ ቢመለስም ጨው ስለሚጨምር ባፈሩ የትናንቱ አይሆንም። ድፉትና እንደገና ሥሩ። 1 ሊትር ሙሉት፣ በ0.45 ማይክሮን ናይሎን ፊልተር አሳልፉት። ሜታኖሉ የሚጨመረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሜታኖል ከገባበት በኋላ ሜትሩ የሚያሳየው ቁጥር ትርጉሙ ሌላ ነው፤ በዚያ የተስተካከለ ፒኤች ሌላ ሰው ሊደግመው አይችልም። አሲቶናይትራይል ያለበትን ፈሳሽ በሴሉሎስ ናይትሬት ፊልተር አታሳልፉ፤ ፊልተሩ ራሱ ይሟሟል።

ሁለት ወሰን አስታውሱ። ተራ ሲሊካ ላይ የተሠራ ሲ18 ከፒኤች 2 እስከ 8 ነው የሚኖረው። ከ2 በታች ሽፋኑ ይላጣል፤ ከ8 በላይ ሲሊካው ራሱ ይሟሟል፤ ሙቀት ሲጨመርበት ሁለቱም ይፈጥናሉ። በተረፈ ፎስፌት ባለበት አሲቶናይትራይሉ 70 በመቶን፣ ሜታኖሉ 80 በመቶን ሲያልፍ ጨው ይዘቅጣል። ኮለሙ ውስጥ ሳይሆን ብርጭቆ ውስጥ ሞክሩት፤ በሚፈለገው መጠን ቀላቅላችሁ 10 ደቂቃ አቁሙት፣ ደመና ከታየ ወደ ፓምፑ አይገባም።

ቤዞች ሌላ ጣጣ አላቸው። ሲ18 ሰንሰለቶቹ የሲሊካውን ገጽ በሙሉ አይሸፍኑትም፤ በመሃላቸው ሲላኖል የሚባሉ ራቁት ቦታዎች ይቀራሉ። ከፒኤች 4 ወዲያ ብዙዎቹ አሉታዊ ቻርጅ ይይዛሉ፤ አዎንታዊ ቻርጅ የያዘውን አሚን (ናይትሮጅን ያለውን ቤዝ) ይዘው ያቆዩታል፣ ፒኩም ጅራት ያወጣል። ሲፕሮፍሎክሳሲን ለዚህ የታወቀ ነው። መድኃኒቱ የሚለካበት የተለመደው መንገድ 25 ሚሊሞላር ፎስፈሪክ አሲድን በትራይኢታይልአሚን ወደ ፒኤች 3.0 አምጥቶ፣ 87 እጅ ከዚህ፣ 13 እጅ ከአሲቶናይትራይል ቀላቅሎ፣ 278 ናኖሜትር ላይ ማየት ነው። ዝቅተኛው ፒኤች ሲላኖሎቹን ቻርጅ ያሳጣቸዋል፤ ትራይኢታይልአሚኑ ደግሞ የቀሩትን ቀድሞ ይይዝባቸዋል።

ጅራት ሁሉ ግን የሲላኖል አይደለም። ሁሉም ፒኮች ጅራት ካወጡ ችግሩ የአካል ነው፤ የኮለሙ ራስ ላይ ክፍተት ተፈጥሯል፣ ፍሪቱ (ማጣሪያው) ተደፍኗል፣ ወይም ቱቦው በትክክል አልገባም። ቤዞቹ ብቻ ካወጡ ሲላኖል ነው። ሳምፕሉ 10 ጊዜ ሲቀጥን ጅራቱ ከጠፋ ደግሞ ኮለሙ ከአቅሙ በላይ ተጭኖበት ነበር። ፒኩ ለሁለት ከተሰነጠቀ ወይም ፊቱ ካበጠ ሳምፕሉ የተሟሟበትን ፈሳሽ ጠርጥሩ፤ 13 በመቶ አሲቶናይትራይል ወዳለበት ሞባይል ፌዝ 20 ማይክሮ ሊትር ንጹሕ ሜታኖል ማስገባት ፒክ ይበትናል። ሳምፕሉን በሞባይል ፌዙ ማሟሟት ነው።

ሲ18 የማይሆንበት ሥራም አለ። የስኳር መድኃኒቱ ሜትፎርሚን ውሃ ወዳድ ከመሆኑ የተነሣ ውሃው 95 በመቶ ቢሆን እንኳ ከባዶ ጊዜው ብዙም ሳይርቅ ይወጣል። ውሃውን 100 በመቶ ላድርገው የሚል ሰው ሌላ ችግር ይጠራል፤ ከ5 በመቶ በታች ሜታኖል ወይም አሲቶናይትራይል ሲሆን ተራ ሲ18 ውሃውን ከቀዳዳዎቹ ይገፋል፣ ፍሰቱ ለጥቂት ጊዜ ቆሞ ሲቀጥል ፒኩ የነበረበት ቦታ ላይ አይገኝም። ለሜትፎርሚን ሁለት መንገድ አለ። ሂሊክ ኮለም (ውሃ ወዳድ ሞለኪዩሎችን የሚይዝ) ከአሞኒየም ፎርሜትና ከ80 በመቶ በላይ አሲቶናይትራይል ጋር፤ ያምራል፣ ግን አሲቶናይትራይል ይበላል። ወይም ባለው ሲ18 ላይ ሄፕቴን ሰልፎኔት ጨምሮ አዮን ፔር መሥራት፤ ማለትም ሞለኪዩሉን ተቃራኒ ቻርጅ ካለው ዘይት ወዳድ ነገር ጋር አጣምሮ ማዘግየት። ሁለተኛው ለእኛ ይቀላል፤ ነገር ግን ሰልፎኔቱ ከኮለሙ ሙሉ በሙሉ አይታጠብም። አሮጌ ሲ18 ለዚህ ሥራ ለይታችሁ ስሙን ጻፉበትና ለሌላ አታውሉት። የሰሊጥ ዘይት ውስጥ ቶኮፌሮል (ቫይታሚን ኢ) መለካት ለሚፈልግ ደግሞ ተራ ሲሊካ ኮለምና ሄክሴን ከ1 በመቶ አይሶፕሮፓኖል ጋር ይሻላል፤ ዘይቱ ሄክሴን ውስጥ ሟሙቶ በቀጥታ ይገባል። ከውሃ ወደ ሄክሴን ሲሻገር መሃል ላይ መላ መስመሩ በአይሶፕሮፓኖል መታጠብ አለበት፤ ውሃና ሄክሴን አይዋሃዱም።

ከተማችን ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ የአየር ግፊቱ ባሕር ዳርቻ ካለው ወደ አንድ አምስተኛ ያነሰ ነው። ፈሳሹን ከጠርሙሱ ወደ ፓምፑ የሚገፋው ይኸው ግፊት ስለሆነ፣ ፓምፑ ሲስብ አረፋ የመፍጠር ዕድሉ እዚህ ይበዛል። ጠርሙሶቹን ከፓምፑ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጉ፤ የመምጠጫውን ፍሪት በየጊዜው አጽዱ። የተቀላቀለ ሞባይል ፌዝ ቫኪዩም ላይ አታቆዩ፤ ሜታኖሉ ቀድሞ ይተናል፣ መጠኑም ሳይታወቅ ይቀንሳል። ባፈሩን ለብቻ ፊልተር አድርጎ ኋላ መቀላቀል ይሻላል።

የኮለም ማሞቂያ የሌለው ማሽን ላይ ጠዋት ብርድ፣ ከሰዓት ሙቀት ፒኩን ያንቀሳቅሰዋል፤ በ1 ዲግሪ ልዩነት ከ1 እስከ 2 በመቶ መቆያ ጊዜው ይለወጣል። ማሞቂያ ካለ 30 ዲግሪ ላይ አስሩት።

መብራት ሲጠፋ ባፈር ኮለሙ ውስጥ ይቆማል። ሲመለስ ወዲያው በንጹሕ ሜታኖል አትግፉ፤ ጨዉ እዚያው ይጠነክራል። ባፈር የሌለው ውሃ ከ10 በመቶ ሜታኖል ጋር በ0.5 ሚሊ ሊትር ጀምሩ፣ ፕሬሸሩ ሲረጋ ወደ 1 አድርሱ፣ በጠቅላላው 30 ሚሊ ሊትር አሳልፉ። ከዚያ ብቻ ወደ 70 በመቶ ሜታኖል ሂዱ። ባፈር የተሠራበት ቀን ማጠቢያም ይኸው ነው። ገለልተኛ ፎስፌት ባፈር በ3 ቀን ውስጥ ካልተጠቀማችሁበት ድፉት፤ ነገር ይበቅልበታል። አሮጌው ላይ አዲስ አትጨምሩ። የወጣው ሜታኖልና አሲቶናይትራይል ግን ወደ ሲንክ አይሄድም፤ የቀሃና የአንገረብ ወንዞች መገጭ ገብተው ጣና ነው የሚደርሱት። ክዳን ባለው ጠርሙስ ሰብስቡ።

ኮለም አዲስ ሲመጣ በመጀመሪያው ቀን በ70 በመቶ ሜታኖል፣ በ1 ሚሊ ሊትር ፍጥነት፣ 254 ናኖሜትር ላይ ትንሽ ቶሉይን ስጡት። ፕሬሸሩን፣ የፒኩን ጊዜና የፒኩን ስፋት በከፍታው ግማሽ ላይ ለክታችሁ ጻፉ። ጊዜውን ለስፋቱ አካፍሉ፣ በራሱ አባዙ፣ በ5.54 አባዙ፤ የሚገኘው የፕሌት ቁጥር ነው፤ ኮለሙ ምን ያህል እንደሚለይ ይናገራል። ቁጥሮቹን በካርድ ጽፋችሁ ኮለሙ ላይ እሰሩት። ከወራት በኋላ «ይህ ኮለም ሞቷል» ሲባል ያንኑ ቶሉይን በዚያው ሞባይል ፌዝ ስጡ። የፕሌቱ ቁጥር በግማሽ ከወረደ ወይም ፕሬሸሩ እጥፍ ከሆነ ኮለሙ በእርግጥ ደክሟል። ቁጥሩ ከካርዱ ጋር ከተቀራረበ ግን ኮለሙን መልሱና ባፈሩን እንደገና ሥሩ።